ያገለገለ ዕቃና የተነገረ ቃል

በግለሰቦች መካከል በሚሸጥ የብስክሌት መለዋወጫ ላይ ስለሚነሣ ክርክር የቀረበ የሕዝብ ትምህርት

ያገለገለ የብስክሌት መለዋወጫ ከግለሰብ እጅ ተገዝቶ ከተገጠመ በኋላ ጉድለት ሲገኝበት በገዢና በሻጭ መካከል የሚነሣው ክርክር፣ የሚያከራክረው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ በመሆኑ፣ የሕግ ሊቃውንት እምብዛም የማያነሡት ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ የሽያጭ ሕግ ከጥንት ጀምሮ ሲያነሣቸው የኖሩት ዋና ዋና ጥያቄዎች፣ ማለትም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ እስከ ምን ድረስ ይጠየቃል፣ ገዢስ በገዛ ዓይኑ አይቶ መለየት የሚገባው ምኑን ነው፣ እርጅና አብቅቶ ጉድለት የሚጀምረውስ የት ላይ ነው የሚሉት፣ በዚህ አነስተኛ ግብይት ውስጥ ያለ ምንም መሸፈኛ ይታያሉ። በእንዲህ ያለው ሽያጭ ደረሰኝ፣ የፋብሪካ ዋስትናና የሱቁን ስም የመጠበቅ ፍላጎት ስለማይኖሩ፣ ክርክሩ የሚመዘነው በዕቃው፣ በዋጋውና ሁለቱ ሰዎች ሲስማሙ በተነጋገሩት ቃል ነው። ከሦስቱም ውስጥ የክርክሩን ውጤት አብዝቶ የሚወስነው የመጨረሻው፣ ማለትም ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ስለ ዕቃው የተነገረው ቃል፣ መሆኑን ማሳየት የዚህ ትምህርት ዓላማ ነው።

ግለሰብ ሻጭ ማን ነው?

ግለሰብ ሻጭ ሲባል ዕቃ መሸጥን መተዳደሪያው ያላደረገ፣ የራሱን ብስክሌት ሲቀይር ወይም ሲያሻሽል የተረፈውን ጎማ፣ ፍሬን፣ ፔዳል ወይም ፍሬም ለሌላ ሰው የሚሸጥ ሰው ማለት ነው። ይህ ልዩነት የሚጠቅመው ሕጉ ለነጋዴና ለግለሰብ አንድ ዓይነት ሸክም ስለማይጭን ነው። በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ የሰጣቸው መብቶች በዋነኝነት የሚጠየቁት ከነጋዴ ሲሆን፣ ጎረቤት ለጎረቤት፣ ብስክሌተኛም ለብስክሌተኛ የሚያደርገው ሽያጭ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሽያጭ ድንጋጌዎች ይገዛል። በሌላ በኩል አሮጌ ብስክሌቶችን እየገዛ፣ እየፈታና ለትርፍ እየቸረቸረ የሚኖር ሰው ሱቅ ስለሌለው ብቻ ግለሰብ ነኝ ቢል፣ ዳኛው የሚያየው የሥራውን ባሕርይና ድግግሞሽ እንጂ ሻጩ ለራሱ የሰጠውን ስም አይሆንም። ስለዚህ በማንኛውም ክርክር ውስጥ የመጀመሪያው ሥራ ሻጩ ከሁለቱ የቱ እንደሆነ መለየት ነው።

እርጅናና ጉድለት

ያገለገለ ዕቃ የገዛ ሰው አዲስ ዕቃ አልገዛም፤ ከዋጋው ላይ የተቀነሰለትም ዕቃው ያለፈበትን አገልግሎት ለማካካስ ነው። በመሆኑም የተለመደው መልበስና መፋቅ፣ የቀለም መላጥ፣ የጎማ ጥርስ መሳሳትና የመሳሰሉት እርጅና ስለሆኑ ለክርክር መነሻ ሊሆኑ አይገባም። ጉድለት ግን ከዚህ ይለያል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስትና እንደሚሰጥ ከደነገገ በኋላ፣ በቁጥር 2289 ጉድለት የሚታወቅባቸውን መለኪያዎች ያስቀምጣል። እነዚህም ዕቃው ለተለመደው አገልግሎቱ የሚያስፈልገው ጠባይ የሌለው መሆኑ፣ በውሉ በግልጽም ሆነ በተዘዋዋሪ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት የማይበቃ መሆኑ፣ ወይም እንዳለው የተነገረለት ጠባይ የሌለው መሆኑ ናቸው። ከሦስቱ አንዳቸውም ስለ ዕድሜ አያነሡም፤ የዕቃው አሮጌነት በራሱ ጉድለት አይደለም፣ ጉድለትንም አያስቀርም። ያገለገለ ፍሬን ከአዲሱ ያነሰ ኃይል ሊኖረው ይችላል፤ ብስክሌቱን ጨርሶ የማያቆም ፍሬን ግን ያገለገለ ተብሎ ቢሸጥም ለተለመደው አገልግሎቱ የማይበቃ ነው።

ድንበሩ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ በሰንሰለት ላይ በግልጽ ይታያል። ሰንሰለት ሲያገለግል የሚረዝመው ብረቱ ተለጥጦ አይደለም፤ በየመጋጠሚያው ያሉት ሚስማሮች ከሚዞሩበት ቀለበት ጋር እየተፋተጉ ስለሚሳሱ ከአንዱ ሚስማር እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ስለሚጨምር ነው። በአዲስ ሰንሰለት ይህ ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር በመሆኑ 24 ርቀቶች ሲደመሩ 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ይኸው ርዝመት 306.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ ሰንሰለቱ ግማሽ በመቶ፣ 307.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ ደግሞ አንድ በመቶ አርጅቷል ይባላል፤ ብዙ የማርሽ ጥርሶች ባሏቸው ዘመናዊ ብስክሌቶች ላይም መቀየር የሚገባው ገና ወደ አንድ በመቶ ሳይደርስ ነው። ይህን ለማወቅ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ይበቃል። ስለዚህ በአንድ በመቶ ያረጀ ሰንሰለት የገዛ ሰው፣ ሻጩ ስለ ሰንሰለቱ ሁኔታ ምንም ያላለው ከሆነ፣ ለክቶ ሊደርስበት የሚችለውን ነገር ኋላ ጉድለት ነው ብሎ ለመከራከር ይቸገራል፤ ሻጩ «ገና አልረዘመም» ብሎት ከሆነ ግን የክርክሩ መልክ ይለወጣል።

ከሰንሰለቱ ይልቅ አከራካሪ የሚሆነው ሰንሰለቱ የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክፍል፣ ብስክሌተኞች ካሴት የሚሉት ነው። ካሴትና ሰንሰለት አብረው ስለሚያረጁ፣ ጥርሶቹ በረዘመው ሰንሰለት ልክ ይበላሉ፤ በዚህም ምክንያት ያረጀ ካሴት ከለመደው አሮጌ ሰንሰለት ጋር ያለ ችግር ሲሠራ ቆይቶ፣ አዲስ ሰንሰለት ሲገባበት ገና በዳገት ላይ ጫና ሲያርፍበት መዝለል ይጀምራል። ሻጩ «በእኔ ብስክሌት ላይ በደኅና ሲሠራ ነበር» ሲል እውነቱን ነው፤ ገዢውም «አይሠራም» ሲል አልዋሸም። ሁለት ቅን ሰዎች ስለ አንድ ዕቃ ተቃራኒ ነገር የሚመሰክሩበት እንዲህ ያለ ክርክር በተንኮል ፍለጋ አይፈታም። የሚፈታው ካሴቱ ከአዲስ ሰንሰለት ጋር እንዲሠራ ታስቦ እንደተሸጠ፣ ይህም ለሻጩ የተገለጸለት መሆን አለመሆኑን በመጠየቅ ነው።

ስምና ልክ

ብዙ ክርክሮች ዕቃው ሳይበላሽ፣ የተገዛው ዕቃ የታሰበው ሳይሆን በመቅረቱ ብቻ ይነሣሉ። ሕጉ ይህን ከጉድለት ለይቶ ከውል ጋር አለመስማማት ይለዋል፤ ጥሩ ዕቃ ሆኖ ሳለ የተስማሙበት ዕቃ አለመሆን ማለት ነው። ብስክሌት ለዚህ የተመቸ መሣሪያ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ በልዩ ልዩ አገሮች በልዩ ልዩ መለኪያዎች ሲሠራ ስለኖረ አንድ የመጠን ስም ሁለትና ሦስት ነገር ሊያመለክት ይችላል።

ጎማ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። «26 ኢንች» ተብሎ የሚሸጥ ጎማ በተራራ ብስክሌት ላይ የሚገጠመው ከሆነ የሚቀመጥበት የቸርኬ ዙሪያ 559 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አለው፤ በቀድሞ የከተማ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘውና 26 በ1 3/8 ተብሎ የሚጻፈው ግን 590 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የ31 ሚሊ ሜትር ልዩነት አንዱን በሌላው ላይ መግጠም ፈጽሞ የሚከለክል ሲሆን፣ ሁለቱም ሻጮች «26 ነው» ሲሉ አልተሳሳቱም። በተመሳሳይ «28» የሚባለው በአሮጌው ረጅም ብስክሌት ላይ 635፣ በዘመናዊው የጎዳና ብስክሌት ላይ ደግሞ 622 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ጎማ ሠሪዎች ይህን ግራ መጋባት ለማስቀረት በጎማው ጎን ላይ 47-559 ወይም 37-590 የሚመስሉ ሁለት ቁጥሮች ያትማሉ፤ የመጀመሪያው የጎማውን ስፋት፣ ሁለተኛው የሚቀመጥበትን ዙሪያ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ያመለክታል። በስምምነቱ ላይ ይህ ሁለተኛው ቁጥር ከተጠቀሰ ክርክር አይኖርም፤ ካልተጠቀሰ ግን ዳኛውም ሆነ ሽማግሌው የሁለቱን ሰዎች ሐሳብ ለመገመት ይገደዳሉ።

የፔዳሉ ዘንግ በፍሬሙ ውስጥ የሚዞርበት ኩሽኔታ የሚታሰርበት ጥርስም ከዚህ የባሰ ጣጣ አለው። በእንግሊዝ ልክ የተሠራ ፍሬም 34.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ዲያሜትር ያለው ጥርስ ሲኖረው፣ ሰንሰለቱ ባለበት በቀኝ በኩል ያለው ጥርስ ከተለመደው በተቃራኒ ወደ ግራ የሚጠብቅ ነው፤ በጣሊያን ልክ የተሠራው ግን 36 ሚሊ ሜትር ሲሆን በሁለቱም ጎኖች ወደ ቀኝ ይጠብቃል። ይህን ያላወቀ ሰው የማይስማማውን ዕቃ በኃይል ሲያስገባ የፍሬሙንም ጥርስ የኩሽኔታውንም ቤት አብሮ ያበላሻል። ከዚያ በኋላ «የተሳሳተ ዕቃ ሸጥህልኝ» የሚለው ክስ «ዕቃዬን አበላሽተህ መለስክልኝ» ከሚል መልስ ጋር ይጋጫል፤ ውሉ ተሰርዞ ሁለቱም ወደ ነበሩበት ይመለሱ ቢባል እንኳ ዕቃው ወደ ነበረበት የማይመለስ ሆኗል። የግራ ፔዳል ጥርስ ከቀኙ በተቃራኒ የተቆረጠ መሆኑን ሳያውቁ በኃይል ማዞርም ወደ ተመሳሳይ ውጤት ያደርሳል። ስለዚህ ገጣጣሚው ማን እንደነበረ በእነዚህ ክርክሮች ውስጥ ሁልጊዜ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

የተሰወረ ጉድለት

ሦስተኛው ዓይነት ክርክር ከሁሉም የከበደ ነው፤ ዕቃው በተሸጠበት ቀን ጤነኛ መስሎ ከታየ በኋላ፣ በውስጡ የነበረ ጉድለት ሲሰበር ወይም ሲላቀቅ የሚገለጥበት ነው። የተሰወረ ጉድለት የሚባለው በተራ ገዢ ተገቢ ምርመራ ሊታይ የማይችል ጉድለት ሲሆን፣ በብስክሌት ላይ የገንዘብ ኪሳራ ብቻ ሳይሆን የአካል ጉዳትም ሊያስከትል ይችላል።

የታወቀው ምሳሌ የጃፓኑ ሺማኖ ኩባንያ ክራንክ ነው። ክራንክ ፔዳሉን ተሸክሞ የእግርን ኃይል ወደ ሰንሰለቱ የሚያስተላልፈው ክንድ ሲሆን፣ ኩባንያው ለጎዳና ውድድር ብስክሌቶች ከሠራቸው ባለ 11 ማርሽ ክራንኮች አንዳንዶቹ ውስጣቸው ክፍት ሆኖ የአሉሚኒየም ክፍሎቻቸው በማጣበቂያ የተያያዙ ነበሩ። ማጣበቂያው ከጊዜ በኋላ ሊለቅ የሚችል በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ከሐምሌ 2019 በፊት የተሠሩት ተመርምረው ጉድለት የተገኘባቸው በነፃ እንዲቀየሩ ጥሪ ተደረገ፤ ጥሪው በአሜሪካ 680 ሺሕ፣ በካናዳ ደግሞ 80 ሺሕ ገደማ ክራንኮችን የሚመለከት ሲሆን፣ በወቅቱ ከ4,500 በላይ የመላቀቅ አደጋዎችና የስድስት ሰዎች ጉዳት ተመዝግበው ነበር። እንዲህ ያለውን ክራንክ የሸጠ ግለሰብ ብዙውን ጊዜ ስለ ጥሪው ምንም አልሰማም፤ ገዢውም ከላይ አይቶ ሊያውቅ አይችልም። ዕውቀቱ ያለው በክንዱ ውስጠኛ ገጽ ላይ በታተሙት የሞዴል ቁጥርና የምርት ዘመን ፊደላት ውስጥ ነው። ስለዚህ እነዚህን ምልክቶች ከመግዛት በፊት ማንበብ ለሻጩም ለገዢውም የሚበጅ ጥንቃቄ ነው።

ከካርቦን ክር በተሠራ ፍሬም ወይም መሪ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ከዚህ ይለያል። ብረት ሲመታ ይጎብጣል ወይም ይጎደጉዳል፤ ካርቦን ግን ከውስጥ ንብርብሮቹ ተላቅቀው ከላይ ቀለሙ ሳይነካ ሊቀር ይችላል። በቡሎን ከልክ በላይ መጥበቅ ብቻ እንኳ እንዲህ ያለ ስውር ስንጥቅ ሊያስከትል ይችላል። በዚህ ላይ የታወቁ ፋብሪካዎችን ስም አስመስለው የሚሠሩ የሐሰት ዕቃዎች ሲጨመሩ፣ ሻጩ ራሱ ከሌላ ሰው ሲገዛ ተታልሎ የነበረበት ሁኔታ ይፈጠራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚነሣው ጥያቄ ሳያውቅ የተሳሳተ ሰው ሳያውቅ ለተጎዳ ሰው ይከፍላልን የሚል ይሆናል።

የሕጉ መልስ ከየት መጣ?

ይህ ጥያቄ ብስክሌት ከመፈጠሩ ከሁለት ሺሕ ዓመት በፊት ገደማ በሮም ገበያ ተነሥቶ ነበር። የሮም ገበያ ሹማምንት ባወጡት ትእዛዝ ባሪያና እንስሳ የሚሸጥ ሰው የሚያውቀውን በሽታና እንከን አስቀድሞ እንዲናገር ይገደድ ነበር፤ ያልተነገረ ጉድለት ሲገኝ ገዢው በስድስት ወር ውስጥ የሸጠለትን መልሶ ዋጋውን እንዲቀበል፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ጉድለቱ ያሳነሰው ዋጋ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችል ነበር። የዚህ ትእዛዝ ትልቅ ሐሳብ ሻጩ ጉድለቱን አላውቅም ማለቱ ከተጠያቂነት አያድነውም የሚል ነበር፤ ዕቃው በእጁ ስለኖረ ስለ ዕቃው የሚጠየቀው እርሱ ነውና። ሐሳቡ በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በኩል አልፎ፣ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ረቂቅነት በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ወደሚሠራው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደርሷል። ከዚያ አስቀድሞም ፍትሐ ነገሥት ስለ መግዛትና መሸጥ የሚናገር አንቀጽ ስለነበረው ጉዳዩ ለአገሩ እንግዳ አልነበረም። ስለሆነም የኢትዮጵያ ሕግ ለግለሰብ ሻጭም ቢሆን ጉድለት ለሌለበት ዕቃ ዋስ የመሆንን ግዴታ ሲጥል ነጋዴ መሆንን ቅድመ ሁኔታ አላደረገም።

እንግሊዞች የተጓዙት በሌላ መንገድ ነው። በእነርሱ ዘንድ እ.ኤ.አ. የ1979 የዕቃ ሽያጭ ሕግ ዕቃው አጥጋቢ ጥራት እንዲኖረው የሚጠይቀው በንግድ ሥራው ከሚሸጥ ሰው ብቻ ሲሆን፣ ዕቃው ከተሰጠው መግለጫ ጋር እንዲስማማ የሚያዘው ደንብ ግን ነጋዴና ግለሰብ አይለይም። በአሜሪካ የሚሠራበት የንግድ ሕግም በመሠረቱ ይህንኑ ልዩነት ስለሚከተል፣ በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከግለሰብ ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ የሚተማመኑት በሻጩ መግለጫ ላይ ነው። የመግለጫ ክብደት እንዴት እንደሚለካ የሚያሳየው ታዋቂው ፍርድ እ.ኤ.አ. በ1956 በእንግሊዝ የተሰጠው የኦስካር ቼስና የዊልያምስ ክርክር ነው። አንድ ግለሰብ መኪናውን ለነጋዴ ሲሰጥ በመዝገቡ ላይ እንደተጻፈው የ1948 ሞዴል ነው አለ፤ ነጋዴውም 290 ፓውንድ አሰበለት። ኋላ መኪናው የ1939 ሞዴል ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ቢታወቅ ኖሮ የሚታሰብለት 175 ፓውንድ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በድምፅ ብልጫ፣ ሻጩ ከመዝገቡ ያነበበውን ከማስተላለፍ በቀር የራሱ ልዩ ዕውቀት ስላልነበረው ንግግሩ የውሉ አካል የሆነ ዋስትና አይደለም ብሎ ለግለሰቡ ፈረደ።

ሁለቱ መንገዶች ተራርቀው ቢታዩም በተግባር የሚገናኙበት ቦታ አለ። የእንግሊዙ ሕግ በቃሉ ላይ ይቆማል፤ የኢትዮጵያው ከቃሉ ባሻገር ለዕቃው ራሱ ዋስትና ይጠይቃል፤ ነገር ግን ያገለገለ ዕቃ ለምን አገልግሎት እንደተሸጠ የሚታወቀው በመጨረሻ ከተባለው ነገር በመሆኑ፣ በኢትዮጵያም ቢሆን ዳኛው የሚመለሰው ወደ ንግግሩ ነው።

«እንዳለ ነው የምሸጠው»

ሻጮች ራሳቸውን ለመጠበቅ «እንዳለ ነው የምሸጠው፤ ከወሰድከው በኋላ አትምጣብኝ» ይላሉ። በመርሕ ደረጃ ሁለት ሰዎች ዋስትናውን በስምምነት ለመቀነስ ወይም ለማስቀረት ይችላሉ፤ በጀርመንም ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ግለሰቦች ዋስትና የለውም የሚል ቃል መጨመር የተለመደ ልማዳቸው ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያም ሆነ በጀርመን ሕግ ይህ ቃል የሚያውቀውን ጉድለት ሆን ብሎ የደበቀን ሻጭ አያድንም። ስንጥቁን በቀለም የሸፈነ፣ የተላቀቀውን ኩሽኔታ ለአንድ ቀን እንዲይዝ ወፍራም ቅባት ሞልቶ ያቀረበ፣ ወይም ብስክሌቱ መውደቁን እያወቀ «ወድቆ አያውቅም» ያለ ሰው በውሉ ውስጥ ስለ ዋስትና የተስማማው ምንም ቢሆን ተጠያቂ ነው። ሕጉ ይህን ተንኮል ይለዋል፤ ሌላው ሰው ሳይታለል ቢሆን ኖሮ የማይገባበትን ውል እንዲገባ በማታለያ ማነሣሣት ማለት ነው፤ ተንኮል ሲረጋገጥም ውሉ ራሱ ሊፈርስ ይችላል።

በሌላው ወገን ገዢውም ግዴታ አለበት። ሲገዛ የሚያውቀውን ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካለበት በቀር ሊስተው የማይችለውን ጉድለት ኋላ ማንሣት አይችልም፤ ሻጩ በግልጽ ጉድለት የለበትም ብሎ ካረጋገጠለት ግን ነገሩ ይለያል። ዕቃውን እንደተረከበ ባገኘው የመጀመሪያ አጋጣሚ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይኖርበታል። የተሰወረ ጉድለት ሲሆን ማስታወቂያው የሚጠበቅበት ጉድለቱ በታወቀ ጊዜ ነው። ጎማ ገዝቶ ወራት ሙሉ በዕቃ ቤት አስቀምጦ ከዚያ በኋላ የሚያማርር ሰው ክርክሩን ሳይጀምር እየተሸነፈ ነው፤ ዝምታው ዕቃውን እንደወደደው ያስቆጥርበታልና።

ማን ያስረዳ?

መብት ያለው መሆኑን የሚናገር ሰው ማስረዳት አለበት የሚለው መርሕ በዚህ ክርክር ውስጥ በገዢው ላይ ከባድ ሸክም ይጥላል። ጉድለቱ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ዕቃው ለገዢው በተላለፈበት ጊዜ ጉድለቱ ቀድሞ በውስጡ እንደነበረ መታየት አለበት። ሻጩ ሁልጊዜ የሚሰጠው መልስ «ስሰጥህ ደኅና ነበር፤ አንተ ሰበርከው» የሚል ነው።

በዚህ ጊዜ የተሰበረው ብረት ራሱ ምስክርነት ይሰጣል። ብረት ወይም አሉሚኒየም በአንድ ከባድ ምት ሲሰበር የስብራቱ ገጽ ሁሉ ሻካራና አዲስ ይሆናል። በድካም የተሰበረ፣ ማለትም በተደጋጋሚ ጫና ጥቂት በጥቂት እየተሰነጠቀ ሄዶ የተለያየ ከሆነ ግን፣ አንዱ የገጹ ክፍል ለስላሳ ሆኖ ስንጥቁ እየገፋ የሄደበትን ቀለበታዊ መስመር ያሳያል፤ የቀረው ጥቂት ክፍል ብቻ በመጨረሻው ቀን የተገነጠለው ሻካራው ነው። በለስላሳው ክፍል ውስጥ አቧራ፣ ቅባት ወይም ዝገት ከተገኘ ስንጥቁ የቆየ መሆኑ ይታወቃል። ዕቃው በተገዛ ማግስት ተሰብሮ እንዲህ ያለ የቆሸሸ ገጽ ከታየበት፣ ጉድለቱ ከገዢው በፊት የነበረ መሆኑን የሚቃወም ሻጭ ብዙ የሚለው አይኖረውም። በዚህ ምክንያት የተሰበረውን ክፍል ማጠብ፣ መሞረድ ወይም ለመበየድ መስጠት ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ ማስረጃውን ያጠፋልና። ዕቃውን እንዳለ ማስቀመጥ፣ ከመግጠም በፊትና በኋላ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ልምድ ያለው የብስክሌት ጠጋኝ ያየውን በጽሑፍ እንዲሰጥ ማድረግ ግን ከብዙ ክርክር ያድናል።

የንግግሩ ማስረጃም እንዲሁ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ እንዲህ ላለ የተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭ ጽሑፍ ስለማያስገድድ በምስክርም ማስረዳት ይቻላል፤ ነገር ግን ዛሬ ሻጭና ገዢ ከመገናኘታቸው በፊት በስልክ መልእክት ስለሚጻጻፉ፣ «ስንጥቅ አለው?» ለሚል ጥያቄ የተሰጠው «የለውም» የሚል አጭር መልስ ከብዙ የቃል ምስክር የጠነከረ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የተሰረቀ ዕቃ

ከጉድለት ጋር ተቀላቅሎ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ ዕቃው የሌላ ሰው ሆኖ የሚገኝበት ነው። ብስክሌት በቀላሉ ተሰርቆ በቀላሉ የሚፈታ በመሆኑ መለዋወጫ ገበያው ለዚህ የተጋለጠ ነው። ሻጭ ገዢው በሌላ ሰው መብት ዕቃውን እንዳይነጠቅ ዋስ ስለሆነ፣ እውነተኛው ባለቤት መጥቶ ዕቃውን ቢወስድ ገዢው ገንዘቡን ከሻጩ ይጠይቃል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛ ሰው ግን ከሻጩ ጋር መከራከሩ ይቅርና ራሱ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። የፍሬም ቁጥሩ የተፋቀ ብስክሌት ሲቀርብ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መራቅ የሚሻለው ስለዚህ ነው።

መፍትሔው

ጉድለቱ ከተረጋገጠ ገዢው እንደ ጉድለቱ ክብደት ውሉ ተሰርዞ ገንዘቡ እንዲመለስለት፣ ጉድለቱ እንዲስተካከል ወይም የደረሰበት ጉዳት እንዲካስ ሊጠይቅ ይችላል፤ ክሱም ጉድለቱን ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ በሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ መቅረብ አለበት። ሆኖም ለአንድ ክራንክ ወይም ለአንድ ጥንድ ቸርኬ ሲባል ፍርድ ቤት መመላለስ ከዕቃው ዋጋ በላይ ጊዜና ገንዘብ ሊፈጅ ስለሚችል፣ አብዛኛው እንዲህ ያለ ክርክር የሚያልቀው በሽምግልና ነው። ሽምግልና እዚህ ላይ የሚመረጠው ዳኛው ሊያደርገው የማይመቸውን ነገር ሊያደርግ ስለሚችል ነው፤ ለምሳሌ ሁለቱም ሳያውቁ በጠፋው ዕቃ ላይ ኪሳራውን ለሁለት ሊያካፍል፣ ወይም ሻጩ ሌላ መለዋወጫ እንዲጨምር ሊያስማማ ይችላል። የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ለእርቅ ሕጋዊ መሠረት ስለሰጠ፣ በእርቅ የተደረሰበትን ስምምነት በጽሑፍ አድርጎ መፈረም ይመከራል።

ከእርቅም ከፍርድም የሚሻለው ግን ክርክሩ የማይነሣበትን ስምምነት መዋዋል ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ወይም አንድ የስልክ መልእክት ሲሆን፣ በውስጡ የዕቃው ስምና ልክ በሚሊ ሜትር፣ የሞዴል ቁጥሩ፣ ዕቃው ወድቆ ወይም ተጠግኖ እንደሆነ፣ ለየትኛው ብስክሌትና ለምን አገልግሎት እንደተፈለገ፣ ገዢው ሞክሮ የሚመልስበት ቀን ተወስኖ እንደሆነ ይጻፋል። ሻጩ የማያውቀውን ነገር «አላውቅም» ብሎ መጻፉም ክብሩን አይቀንስም፤ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ ከመናገር ግን ያድነዋል፤ ለገዢውም አደጋውን ገምቶ ዋጋ የሚነጋገርበትን ዕድል ይሰጠዋል። ያገለገለ ዕቃ መግዛትና መሸጥ ለብዙ ሰው ብስክሌት መንዳትን የሚያስችል መልካም ልማድ ሆኖ እንዲቀጥል ከተፈለገ፣ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ስለ እርሱ የሚታወቀውም የማይታወቀውም አብሮት ማለፍ ይኖርበታል።